ቀርጾ መላክ፣ አዳምጦ መመለስ፦ ባሕር ዳር ላለን የፒያኖ ተማሪዎች

ባሕር ዳር ላይ ፒያኖ የሚለማመድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። ኪቦርዱ መኝታ ቤት ጥግ ተቀምጧል፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን አለ፣ ቤተሰቡ የሚሰማው የቁልፎቹን ኳኳታ ብቻ ነው። መዝሙር ካላጀበ ወይም ሠርግ ቤት ካልተጫወተ በቀር የተለማመደውን ይዞ የሚወጣበት መድረክ የለውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የተጫወቱትን ቀርጾ በቴሌግራም ቡድን መላክና የሌላውን አዳምጦ መመለስ ለብዙዎቻችን ያለን ሪሳይታል፣ ማለትም ሰው ፊት የመጫወቻ ዝግጅት፣ እሱ ነው።

ሰው ከእንዲህ ዓይነት ቡድን ጥሎ የሚወጣው ስለተተቸ አይደለም፤ ስላልተሰማ ነው። አምስት «በርታ» እና ሦስት የጭብጨባ ምልክት የደረሰው ሰው ማንም እስከ መጨረሻው እንዳላዳመጠው ይገባዋል። «ሁለተኛው ገጽ ላይ ግራ እጅህን ዝቅ ስታደርገው ዜማው ጎልቶ ወጣ» የተባለው ግን ብዙ ሳይቆይ ሌላ ይልካል። እንዲህ ብሎ ለመመለስ ግን የተላከው ነገር መሰማት አለበት፤ ስልኩ የበላውን ድምፅ የትኛውም አድማጭ አይመልሰውም። እንግዲህ ከቀረጻው እንጀምር።

ጸጥታ የሚገኝበት ሰዓት

ከተማችን ለጆሮ ጸጥ ያለች ትመስላለች፤ ለማይክ ግን አይደለችም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ አዛን አለ፣ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ባጃጁ ይጀምራል። ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስ አካባቢ የሚኖር ሰው ቀረጻ ባያስብ ይሻለዋል፤ በ12 እና በ21 ደግሞ የሚካኤልና የማርያም ደብር ጎረቤት የሆነው። በዓሉን አስቀድሞ አውቆ ቀኑን መምረጥ ነው እንጂ በበዓል ቀን መማረር ትርፍ የለውም።

በበጋ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰፈሩ ሥራና ትምህርት ላይ ስለሚሆን ጥሩ ነው። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላም ይሆናል፤ ጎረቤት እንዳይቀየም ድምፁን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዝናቡ ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚበረታ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉንም ስለሚሸፍን በኋላ በአፕ ሊያጠፉት ሲሞክሩ አፕ የፒያኖውን ድምፅ መክሰሚያ አብሮ ይቆርጣል። ስለዚህ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ እንጂ በማጥሪያ መተማመን አያዋጣም። ሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ሌላ ጣጣ ነው፤ በተከፈተ መስኮት ገብቶ ማይኩን ሲመታ «ቡፍ ቡፍ» የሚል ድምፅ ይሆናል። መስኮቱን ዝጉ።

ፍሪጁ ሳሎን ውስጥ ከሆነ ሞተሩ ሲነሳ ዝቅ ያለ እዝዝታ ይተዋል። ለ10 ደቂቃ መንቀል ምንም አያበላሽም፤ እንዳትረሱት ግን ከቀረጻው በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መልሶ መሰካት ይሁን። ቬንቲሌተርም እንዲሁ። በአንጻሩ አንድ ባጃጅ አለፈ ወይም ውሻ ጮኸ ብሎ ጥሩ አጨዋወት መጣል ከንቱ ድካም ነው። ትልልቅ አዳራሽ ውስጥም ሰው ይስላል።

ክፍሉ፣ ስልኩና ኪቦርዱ

ሴራሚክ ወለል፣ የተለሰነ ግድግዳ፣ ባዶ ክፍል፦ የአዳዲሶቹ ቤቶች ሳሎን እንዲህ ነው። መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ ቀጭን የሚንጫጫ ድምፅ ከቀረ ፒያኖውም ላይ ያው ይደርስበታል፤ ፈጣን ኖታዎች እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ አድማጩም «ፔዳል አብዝተሃል» (ድምፅ ይዞ የሚያቆየውን የእግር መርገጫ ማለቱ ነው) ይላል፤ ጥፋቱ ግን የክፍሉ ነው። መፍትሔው ቤት ውስጥ አለ። ፍራሽ ከኪቦርዱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ማቆም፣ መጋረጃ መዝጋት፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ መዘርጋት። ኪቦርዱን ከክፍሉ ጥግ ግማሽ ሜትር ያህል ማራቅም ይጠቅማል፤ ጥግ ላይ ሲሆን ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል።

ስልኩን ኪቦርዱ ላይ አታስቀምጡ። ኪቦርዱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይም ቢሆን አይሆንም። ጣት ቁልፉን ሲመታ የሚፈጠረው ንዝረት በእንጨቱ በኩል ወደ ማይኩ ያልፍና ከዜማው ሥር ከበሮ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ሌላ ወንበር ላይ ጋቢ አጥፋችሁ አስቀምጡና ስልኩን በላዩ አድርጉ፤ አብዛኛው ስልክ ማይኩ ከታች በኩል ስለሆነ ያ ጫፍ በጨርቅ እንዳይሸፈን። ርቀቱ የራሱ ድምፅ ማውጫ ላለው ኪቦርድ ከ70 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር፣ ለእውነተኛ ፒያኖ ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ነው። ከዚያ ከሥራው ውስጥ በጣም ጮኾ የሚሰማውን ቦታ ለ20 ሰከንድ ቅረጹና በኢርፎን ስሙት። የሚሰነጠቅ ድምፅ ካለ ወይ ስልኩን ማራቅ ወይ የኪቦርዱን ድምፅ መቀነስ ነው። ርካሽ ኪቦርዶች ድምፃቸው በጣም ሲከፈት ማውጫቸው ራሱ ይንቀጠቀጣል።

አብዛኛውን ቀረጻ የሚያበላሸው ግን የስልኩ አፕ ነው። ስልክ ላይ የሚገኘው ድምፅ መቅጃ የተሠራው ለንግግር ነው። ዝቅ ያለውን ድምፅ በራሱ ከፍ ያደርጋል፣ ከፍ ያለውን ይጫናል፤ በዚህም ለስላሳ ብላችሁ የተጫወታችሁትና ጠንክራችሁ የመታችሁት እኩል ሆኖ ይመጣል። በተጨማሪ ሳይቋረጥ የሚቆይ ድምፅ ሲሰማ «ጫጫታ ነው» ብሎ ያጠፋዋል። ተይዞ የሚቆይ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ደግሞ ልክ እንደዚያ ያለ ድምፅ ነው። ለመፈተሽ አንድ ኮርድ ይዛችሁ 8 ሰከንድ ቆዩ። ቀስ እያለ መክሰም ሲገባው 3ኛው ሰከንድ ላይ እንደተቆረጠ ከሆነ ማጥሪያው ሥራ ላይ ነው፤ በአፕ ማስተካከያ ውስጥ አጥፉት። የማይጠፋ ከሆነ የድምፁን መጠን በእጅ ማስተካከል የሚቻልበትና በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) የሚቀርጽ ሌላ አፕ ጫኑ። ትልቁ ድምፅ የአፑ ድምፅ መለኪያ ላይ ካለው ጣሪያ 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም ማድረግ ይበቃል።

ቪዲዮ ከፈለጋችሁ ድምፁን በአንድ ስልክ፣ ምስሉን በሌላ ስልክ ቅረጹ። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ ሁለቱን በኋላ ስታገጣጥሙ መዳፍ የተገናኘበትን ምስልና ድምፁን ማስተካከል ቀላል ይሆናል። ፊትን ማሳየት ግዴታ አይደለም፤ ከትከሻ በላይ ወደ ታች የሚያይ፣ ሁለቱን እጆች የሚያሳይ ምስል ለአድማጩ የበለጠ ይጠቅመዋል። የጣት አቀማመጡን ያያል።

«ኪቦርዴን በገመድ ከስልኬ ላገናኝ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ አለ። የሄድፎን መውጫውን በተራ ገመድ ስልኩ ጃክ ላይ ሰክቶ መቅረጽ አይሠራም፤ የስልኩ ጃክ የማይክ ድምፅ የሚቀበለው በአራተኛው ቀለበት ነው፣ የተራ ገመድ ጫፍ ደግሞ ሦስት ቀለበት ብቻ አለው። በዩኤስቢ ከሆነ ሞዴሉን ማወቅ ያስፈልጋል። ያማሃ ፒ-45 በዩኤስቢው የሚልከው ሚዲ ብቻ ነው፤ የትኛው ቁልፍ መቼና በምን ጥንካሬ እንደተመታ እንጂ ድምፁን አይልክም። ፒ-125 ግን ድምፁንም ይልካል። ገመድ መግዛት ከመጀመራችሁ በፊት የእናንተን ሞዴል መመሪያ አንብቡ።

ኪቦርዱ ራሱ ላይ ከመቅረጽ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ በተለይ መዝሙር ወይም ባንድ የሚያጅቡ ሰዎች ኪቦርድ ላይ። ትራንስፖዝ (የሁሉንም ቁልፍ ቃና ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው ቅንብር) ወደ 0 ይመለስ። ትላንት ለዘማሪዋ ሁለት ከፍ ተደርጎ የቀረ ከሆነ ኖታ ይዞ የሚከታተለው አድማጭ ግራ ይጋባል። ሪትምና አጃቢ ስታይል ይጥፋ፣ ከፒያኖው ጋር የተደረበው ስትሪንግ ይጥፋ፣ ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት የሚመስለው ድምፅ) ይቀነስ፣ ተች የሚባለው ይብራ። ተች ከጠፋ ቀስ ብትነኩትም ብትመቱትም ድምፁ አንድ ነው፤ «አጨዋወቱ ደረቅ ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ፔዳል የተገላቢጦሽ ከሠራ፣ ማለትም ሲረገጥ ቆርጦ ሲለቀቅ ከያዘ፣ አልተበላሸም። ብዙ ኪቦርዶች ሲበሩ ፔዳሉ ያለበትን ሁኔታ «የተለቀቀ» ብለው ይወስዳሉ፤ እግር አርፎበት ከበራ ነገሩ ይገለበጣል። አጥፍቶ፣ እግር አንስቶ፣ እንደገና ማብራት ነው። ትንሹ ባለ ካሬ ፔዳል ሴራሚክ ላይ እየሸሸ የሚያስቸግር ከሆነ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ አድርጉ።

ቁመትም አለ። የእውነተኛ ፒያኖ ቁልፍ ከወለል 72 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የምግብ ጠረጴዛ ብቻውን ያን ያህል ወይም የበለጠ ስለሚሆን ላዩ ላይ ኪቦርድ ሲጨመር ቁልፎቹ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ከፍ ይላሉ። ትከሻ ይነሳል፣ አንጓ ይታጠፋል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፈጣኑ ቦታ ይደናቀፋል። ክርን ከቁልፎቹ ጋር እኩል እስኪሆን ወንበሩ ላይ ትራስ ደርቡ።

መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ያለው ሰው ለቀረጻ ቀን አዲስ ባትሪ ያዘጋጅ። ስልኩንም ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ የመጣ ጥሪ ቀረጻውን ያቋርጠዋል።

ስንት ጊዜ ይቀረጻል?

ሦስት ጊዜ። ከዚያ ካለፈ አጨዋወቱ እየተሻሻለ ሳይሆን እየደከመ ነው የሚሄደው፤ አንዱን መርጦ መላክ ወይም ለሌላ ቀን መተው ይሻላል። መቁረጥና መለጠፍ አይኑር። ሪሳይታል ማለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ መጫወት ነው፤ የተቀጣጠለ ቅጂ ላይ የሚሰጥ አስተያየትም ለተጫዋቹ አይጠቅመውም።

ፍጥነቱን የሚወስነው ከባዱ ቦታ ነው። የቤትሆቨን ፉር ኤሊዝ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚልከውም እሱን ነው። መጀመሪያው ለጣት ስለሚቀል በፍጥነት ይጀመራል፤ ከዚያ ኤፍ ሜጀር ላይ የሚጀምረው ክፍል ውስጥ በጣም ፈጣኖቹ 32ኛ ኖታዎች ሲመጡ ወይ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል ወይ ቀኝ እጅ ይንኮታኮታል። እነዚያን ባሮች (ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተከፈሉትን ክፍሎች) ሳይደናቀፉ የሚጫወቱበትን ፍጥነት በሜትሮኖም፣ ማለትም በምት ቆጣሪ፣ ፈልጉ፣ ቁጥሩን ኖታው ላይ ጻፉ፣ መጀመሪያውንም በዚያው ጀምሩ። ሌላው ወጥመድ ዜማው ከመመለሱ በፊት ኢ እና ዲ ሻርፕ የሚመላለሱበት ቦታ ነው፤ ቆጥሮ ያልያዘ ሰው አንድ ጊዜ ያበዛል ወይም ያሳንሳል። በጣት ሳይሆን በአፍ እየቆጠሩ መለማመድ ይፈውሰዋል።

ሲሳሳቱ አለመመለስ ከሁሉ ከባዱ ልማድ ነው። የተሳሳተ ኖታ በሰከንድ ውስጥ ያልፋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ግን ምቱን ይሰብራል፣ አድማጩም የሚያስታውሰው ያንን ነው። ሥራውን ከአምስት እስከ ስምንት መነሻ ቦታዎች ከፋፍሉትና ከየትኛውም ሳታመነቱ መጀመር ተለማመዱ፤ ከጠፋችሁ ወደሚቀጥለው መነሻ ትዘላላችሁ። ቀዩ ነጥብ ሲበራ እጅ የሚቀዘቅዝበት ሰው ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ ልምምዱን በሙሉ ይቅረጽና ይሰርዘው፤ መቀረጽ ብርቅ መሆኑ ይቀራል። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ባር በልባችሁ ቁጠሩ። ሲያበቃም የመጨረሻው ድምፅ ከጠፋ በኋላ ሦስት ሰከንድ ሳትነቃነቁ ቆዩ፤ «ክሊክ» ብሎ የሚቆረጥ መጨረሻ ጥሩ አጨዋወትን ያጎድላል።

አላላክ

በቴሌግራም ማይኩን ተጭኖ «ቮይስ» መላክ ለሙዚቃ አይሆንም። ለንግግር ተብሎ የተጨመቀ ነውና ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። ቀርጻችሁ እንደ ፋይል ላኩ። ዌቭ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ወደ ኤምፒ3 በ192 ኪሎቢት ሲቀየር 1.4 ሜጋባይት ብቻ ይሆናልና በዳታ ጥቅል ለሚያዳምጠው ሰው ማሰብ ነው። ስልክ የቀረጸው ሙሉ ጥራት ያለው ቪዲዮ በደቂቃ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ሊደርስ ስለሚችል ወደ 720 ዝቅ አድርጉት። በራሱ የማውረዱን ቅንብር አጥፍቶ የፈለጉትን ብቻ መጫን ለሁሉም ይበጃል።

ከፋይሉ ጋር ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን እንደሆነ፣ በምን እንደተጫወታችሁት፣ ምን እንዲነገራችሁ እንደምትፈልጉ። «ፉር ኤሊዝ፣ የመጀመሪያው ክፍል ብቻ። ካሲዮ 61 ቁልፍ፣ ያለ ፔዳል። ግራ እጄ ይጮኻል?» ይበቃል። 61 ቁልፍ ላይ የማይገኝ ኖታ ካለ በኦክታቭ (ያንኑ ኖታ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ) መቀየራችሁንም ጥቀሱ። ስሙንም በትክክል ጻፉ፤ ጀማሪዎች የሚጫወቱት ታዋቂው በጂ ሜጀር የተጻፈ ሜኑዌት ለረጅም ጊዜ የባኽ ሲባል የቆየ ቢሆንም የክርስቲያን ፔትዞልድ ሥራ ነው።

ማዳመጥና መመለስ

እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። የስልክ ማውጫ ከመሃለኛው ሲ በታች ያሉትን ኖታዎች በደንብ አያወጣም፤ መሃለኛው ሲ 262 ኸርዝ ገደማ ነው፣ ግራ እጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ይሠራል። በስልክ ማውጫ ሰምቶ «ግራ እጅሽ አይሰማም» ያለ ሰው ስለ ራሱ ስልክ ነው የተናገረው። ኢርፎን አድርጉ። መጀመሪያ ሌላ ነገር ሳትሠሩ እስከ መጨረሻው ስሙ። ሁለተኛ ጊዜ ኖታውን ይዛችሁ፣ ደቂቃና ሰከንድ እየጻፋችሁ።

የተሳሳተ ኖታ ሁለት ዓይነት ነው። ዜማው በተመለሰ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ የሚደገመው የንባብ ስህተት ነው፤ ተጫዋቹ አያውቀውም፣ ስለዚህ ይነገረው። አንዴ ብቻ የሆነው መንሸራተት ነው፤ እሱን ከማንም ቀድሞ የሰማው ተጫዋቹ ራሱ ነው፣ ዝም በሉት። ይህን ሳይለዩ የስህተት ዝርዝር የሚልኩ ሰዎች ቡድኑን ባዶ ያደርጉታል።

ቦታውን ከነምክንያቱ ተናገሩ። «ተደበላለቀ» ከማለት ይልቅ «0:48 ላይ ኮርዱ ተቀይሮ ፔዳሉ አልተነሳም፤ አዲሱን ኮርድ ከመታህ በኋላ ወዲያው አንሳና መልሰህ ርገጥ» ቢባል ተቀባዩ ዛሬውኑ ይሞክረዋል። ስኬል (በተከታታይ የሚወጡ ወይም የሚወርዱ ኖታዎች) ላይ አንዳንድ ኖታ ብቻውን ጎልቶ ከወጣ አውራ ጣት የሚያልፍበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚመታው። ቀላሉ ቦታ ላይ እየፈጠነ ከባዱ ላይ የሚዘገይ ከሆነ ችግሩ የጣት ሳይሆን የአጀማመር ፍጥነት ነው። ዜማው ካልተሰማ «ቀኙን አጠንክር» አትበሉ፤ ግራውን ማለስለስ ይቀላል፣ ጣትም አያደክምም።

ማበረታቻውም እንዲሁ ትክክለኛ ቦታ ይኑረው። «እጅሽ ይባረክ» ጥሩ ምርቃት ነው፤ አይቅር። ከሥሩ ግን «የመጨረሻዎቹን አራት ባሮች ሳትቸኩዪ ጨረስሻቸው፣ ትንፋሽ ሰጠሻቸው» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ምን እንደሠራ ያወቀ ሰው ይደግመዋል። አንድ የተሳካ ነገር፣ አንድ የሚስተካከል ነገር፣ ያም እንዴት እንደሚስተካከል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተቀባዩ ምኑን ይዞ ምኑን እንደሚተው አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የላከ ሰው ካልጠየቀ እርማት አይሰጠው፤ የተሳካውን ብቻ ንገሩት።

በሌላው ቀረጻ ሥር የራስን የተሻለ ቅጂ መለጠፍ ነውር ነው። የዓለም ታዋቂ ፒያኒስት ቪዲዮ ማያያዝም እንዲሁ፤ ተላከለት እንጂ አልታገዘም። «የስምንት ዓመት ልጅ ይጫወተዋል» የሚል ሰው ደግሞ ከቡድኑ ይውጣ።

የዕድሜ ነገርም አለ። እኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁን ፊት ለፊት አያርምም፤ በጽሑፍም ቢሆን ይከብደዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ የጀመሩ አባት ወይም እናት ሲልኩ ሁሉም «ግሩም ነው» ብሎ ያልፋል፣ እሳቸውም ሳያድጉ ይቀራሉ። መውጫው ታላቁ ራሳቸው ጥያቄ ማስቀመጣቸው ነው፦ «ልጆች፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ምቴ ይጠበቃል?» ሲሉ መልሱ ትዕዛዝን እንደ መፈጸም ይሆናል። «ጋሼ፣ 0:35 ላይ ትንሽ ይፈጥናሉ፤ እዚያ አንድ ባር ከሜትሮኖም ጋር ቢሞክሩት» ማለት አያስነውርም።

ቅኝት ለሚጫወቱ

አገርኛ ዜማ ሲላክ የአድማጩ ጆሮ መቀየር አለበት። ትዝታ ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ከኤፍ ሻርፕ ሲነሳ አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ብቻ ስለሆኑ ለጀማሪ ይመቻል። ቀኝ እጅ ቅኝቱን ጠብቆ ሳለ ግራ እጅ ከመዝሙር የለመደውን ኮርድ ሲያስገባ ነው ዜማው የሚደፈርሰው። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ ከሥሩ ሲ ሜጀር ከተያዘ ኢ የምትባል እንግዳ ትገባለች፣ ሲ ማይነርም ቢሆን ኢ ፍላትን ያመጣል። ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር ግን ኖታዎቻቸው በሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው። አንቺ ሆዬ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። እዚህ ጂ ራሷ የለችም፤ ስለዚህ በየቦታው ያለ ስጋት የሚያዘው የሲና የጂ ባዶ ኮርድ እንኳ ከቅኝቱ ውጭ ነው። ሆን ብሎ ማውጣት መብት ነው፤ አስተያየት ሰጪው «አውቀህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ምትም እንዲሁ። የፒያኖ ተጫዋቿን የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን (እ.ኤ.አ. 1923–2023) አጨዋወት የሚከተል ሰው ላይ «ሜትሮኖም ተጠቀም» ማለት አለመስማት ነው፤ የእሳቸው ሐረግ በነፃነት ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል። ነፃ ምትን ከጠፋ ምት መለየት ግን ይቻላል። ሐረጉ ሲደገም እዚያው ቦታ ላይ በተመሳሳይ መልኩ ከዘገየ ታስቦበት ነው። በእያንዳንዱ ዙር የተለያየ ቦታ ላይ፣ በተለይም ጣት ሩቅ በሚዘልበት፣ ከዘገየ ልምምድ ይቀረዋል።

የቡድኑ አሠራር

ከ12 እስከ 20 ሰው ይበቃል። ሰው ሲበዛ ማንም «ሌላው ይመልሳል» ብሎ ያልፋል። የሚላከው ከ4 ደቂቃ አይብለጥ፣ በወር አንድ ይሁን፣ የመጨረሻው ቀን ይታወቅ። የላከ ሰው ሁሉ ከእሱ በፊት ለላኩት ለሁለቱ የመመለስ ግዴታ ይኑርበት፤ ይህች አንድ ደንብ ያለ መልስ የሚቀረውን ሰው ታሳንሳለች። የመጀመሪያው መልስ በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረሰ አስተዳዳሪው ራሱ ይጻፍ። የልጆች ቀረጻ በወላጅ ፈቃድ፣ ድምፅ ወይም እጅ ብቻ ሆኖ ይላክ።

በቀጥታ ስርጭት አብሮ መጫወትን አትሞክሩ። ሁለት ሰው ተስማምቶ ለመጫወት የድምፁ መዘግየት ከ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ማለፍ የለበትም፤ በሞባይል ኔትወርክ ላይ ደግሞ ከዚያ ብዙ ይበልጣል። በአራት እጅ መጫወት የሚፈልግ ጥንድ አንዱ የታችኛውን ክፍል ከሜትሮኖም ጋር ቀርጾ ይላክ፣ ሌላው በኢርፎን እየሰማ ላዩን ይደርብ። ለዚህ የሁለቱም ኪቦርድ ቅኝት 440 ኸርዝ ላይ መስተካከል አለበት። አንዱ እውነተኛ ፒያኖ ከሆነ ክረምት ላይ ቃኝቶ በበጋ መቅረጽ አይሆንም፤ እርጥበት ሲጨምር የድምፅ ሰሌዳው እንጨት ያብጥና ቃናው ይወጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ይወርዳል።

የተላኩትን አታጥፉ። የፋይሉን ስም «2017-ሐምሌ፣ የሥራው ስም፣ ፍጥነቱ» ብላችሁ አስቀምጡ፤ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ሥራ፣ በዚያው ኪቦርድ፣ ስልኩን በዚያው ርቀት አድርጋችሁ እንደገና ቅረጹና ሁለቱን አንድ ላይ ላኩ። ስልኩ ወይም ርቀቱ ከተቀየረ የምትሰሙት ልዩነት የእናንተ ይሁን የማይኩ መለየት አይቻልምና ወንበሩ የቆመበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት።